ሐምሌት ስንተኛው የሐዘን ደረጃ ላይ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ አዘጋጆች፣ የሊትሬቸር ተማሪ ነኝ። መምህራችን የሼክስፒር ቴአትር ባለታሪክ የሆነው ልዑል ሐምሌት አምስቱን የሐዘን ደረጃዎች ማለትም መካድ፣ ንዴት፣ ድርድር፣ ድብርት፣ መቀበልን በተራ እንዴት እንዳለፈ ጻፉ ብሎን ነበር፣ ቴአትሩን ደጋግሜ ባነበውም ተራው አልመጣልኝም። ችግሩ ከኔ ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ካንተስ አይደለም። ገና ከመካድ ልጀምር ስትል ነው ነገሩ የሚበላሽብህ፣ ምክንያቱም ሐምሌት መጀመሪያ ስናየው ጥቁር ለብሶ አንገቱን ደፍቶ ነው፣ የአባቱን ሞት ለደቂቃም አልካደም። እንደውም ምንም እንዳልተፈጠረ የሚሆኑት ሌሎቹ ናቸው፤ አጎቱ ክላውዲየስ የሟቹን ዙፋንም ሚስትም ወስዶ ሲያበቃ አባት የማይሞትበት ማን አለ፣ ይሄ የወንድ ሐዘን አይደለም ብሎ ይገስጸዋል፣ እናቱም ጥቁሩን አውልቅ ትለዋለች። ንጉሡ ከሞተ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም እኮ! ሐምሌት ለጓደኛው ለሆሬሺዮ ሲነግረው ለቀብሩ የተሠራው ምግብ ቀዝቅዞ ለሰርጉ ቀረበ ይላል፣ እኔን ከአባቱ መንፈስም ከሰይፉም በላይ የሚዘገንነኝ ይቺ ቀልድ ነች። እኛ ጋ አርባው ሳይወጣ የለቅሶው ድንኳን ለሰርግ ዋለ እንደማለት ነው፣ ሰውዬው በወጉ አልቅሶ አልወጣለትም።

ድብርቱ ደግሞ አራተኛ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ነው የሚመጣው፣ የአባቱ መንፈስ ተገልጦ አጎትህ ነው የገደለኝ ሳይለው በፊት ዓለም አስጠልታዋለች። ንዴቱ ከዛ በኋላ ነው፣ በሚወዳት በኦፊልያ ላይ፣ እናቱ ላይ፣ መጋረጃ ጀርባ ያለው ማን እንደሆነ ሳያይ የኦፊልያን አባት ፖሎኒየስን ወግቶ እስከመግደል። ድርድር የሚባለውንማ እርሳው፣ የመጡትን ተዋንያን ግድያውን የሚመስል ትዕይንት አሠርቶ አጎቱን መፈተኑ ለኔ ማስረጃ ፍለጋ ነው።

መቀበል ግን አለ፣ መጨረሻ ላይ ከሰይፍ ግጥሚያው በፊት ለሆሬሺዮ አሁን ካልሆነ በኋላ መምጣቱ አይቀርም፣ ዋናው ዝግጁ መሆን ነው ይለዋል። ልብ በል፣ እዚህ ጋ የሚያወራው ስለራሱ ሞት እንጂ ስለ አባቱ አይደለም። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኤልሳቤት ኩብለር ሮስም በ1969 እ.ኤ.አ. ደረጃዎቹን የጻፈችው የማይድን በሽታ የያዛቸውን ሰዎች አነጋግራ ነው፣ ለሐዘንተኛ መዋል የጀመሩት ቆይቶ ነው። ስለዚህ በትክክል የገጠመልህ ደረጃ ይሄ ብቻ ቢሆን አይገርምም፣ አሳይመንትህንም እዚህ ላይ አቁመው። አንደኛ ገቢር ትዕይንት ሁለትንና አምስተኛ ገቢር ትዕይንት ሁለትን ጎን ለጎን አስቀምጠህ አንብብ፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ትርጉም ካገኘህ ደግሞ ድምፅህን አውጥተህ።