የዝና አዳራሽ ወይስ የክብር አዳራሽ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ቤዝቦል ነፍሱ ነው። በዚህ ሰመር ኒው ዮርክ ግዛት፣ ኩፐርስታውን ወስጄው የቤዝቦል ታላላቆች የሚከበሩበትን 'ሆል ኦፍ ፌም' የሚባለውን አይተን መጣን። ጉብኝቱን ለማኅበራችን መጽሔት ልጽፍ ስል ርዕሱ ላይ ተያዝኩ። አንዱ ጓደኛዬ 'የዝና አዳራሽ በል' ይለኛል፣ ሌላው 'የክብር አዳራሽ' ይላል። ደግሞ 'አበበ ቢቂላ በ2012 የዝና አዳራሽ ገባ' የሚል ነገር አንብቤ ግራ ተጋባሁ። አበበ እኮ ያረፈው በ1973 ነው፤ እንዴት አድርጎ ይገባል? በመጨረሻም፣ ሳይጫወቱ ለስፖርቱ ብዙ የደከሙ ሰዎችን ምን ብዬ ልጥራቸው? 'አስተዋጽዖ አበርካቾች' ስል ምላሴ ይተሳሰራል።»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዓመቶቹን እኔም እንደ እርስዎ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ እንዳንምታታ።

ከርዕሱ እንጀምር። እኔ «የክብር አዳራሽ» ባይ ነኝ። «የዝና አዳራሽ» ስሕተት ነው ማለቴ ግን አይደለም። እንዲያውም ቃል በቃል ከሄድን የሚቀርበው እሱ ነው። እንግሊዝኛው «ፌም» የመጣው ከላቲኑ «ፋማ» ሲሆን ትርጉሙ ወሬ፣ ሰው ስለ ሰው የሚያወራው ነገር ነው። የእኛም «ዝና» የ«ዜና» ዘመድ ነው። «ዝናው ከአገር አገር ናኘ» የምንለው ወሬ ስለሆነ ነው፤ የሚናኘው ወሬ ነውና። ስለዚህ «ዝና» ያለው ጓደኛዎ መዝገበ ቃላቱን በደንብ አይቷል።

ያላየው ቤቱ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ነው።

ኩፐርስታውን ላይ ያዩት የተመራጮች የነሐስ ሰሌዳ እንዴት ግድግዳው ላይ እንደሚወጣ አስቡት። ተጫዋቹ ቢያንስ 10 የውድድር ዘመን በትልቁ ሊግ፣ «ሜጀር ሊግ» በሚሉት፣ መጫወት አለበት። ጨዋታ ካቆመ 5 ዓመት ማለፍ አለበት። ከዚያ የቤዝቦል ጋዜጠኞች ማኅበር አባላት ድምፅ ይሰጣሉ። አንድ መራጭ ቢበዛ 10 ስም ይጽፋል። ከመራጮቹ 75 በመቶው ስሙን ካልጻፉ ሰውየው ዘንድሮ የለም። ከ5 በመቶ በታች ካገኘ ደግሞ ከዕጩዎቹ ዝርዝር ጭራሽ ይወጣል።

የመጀመሪያው ምርጫ የተደረገው በ1936 ነው። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የቤዝቦሉን ኮከብ ቤብ ሩትን የማያውቅ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። ከ226 መራጮች የመረጡት ግን 215 ናቸው። አስራ አንዱ ዘለሉት! ሌላው ተጫዋች ታይ ኮብ 222 ድምፅ አግኝቶ በለጠው። አንድም ድምፅ ሳይጎድልበት የተመረጠ ተጫዋች የተገኘው ከ83 ዓመት በኋላ፣ በ2019 ነው፤ የኒው ዮርክ ያንኪሱ ማሪያኖ ሪቬራ። እነዚያ 11 ጋዜጠኞች የሩት ዝና ጠፍቷቸው አይደለም። ዝናው በእጃቸው አልነበረም። በእጃቸው የነበረው ክብር ብቻ ነው፤ እሱን ነው የነፈጉት።

ይበልጥ የሚያሳምነኝ የተጫዋቹ የፒት ሮዝ ነገር ነው። ሮዝ ኳሷን መትቶ ቤዝ የሚባለው ማረፊያ በሰላም የደረሰው 4,256 ጊዜ ነው። በትልቁ ሊግ ታሪክ ከእሱ የሚበልጥ የለም። በ1989 አሠልጣኝ ሆኖ በቤዝቦል ጨዋታ ላይ ሲቆምር ቆይቷል ተብሎ ለዕድሜ ልክ ታገደ። በ1991 ደግሞ ኩፐርስታውን «የታገደ ሰው ለምርጫ አይቀርብም» የሚል ደንብ አወጣ። ሮዝ በ2024 እስኪሞት ድረስ በሩ አልተከፈተለትም። ከታገዱት ዝርዝር ስሙ የተነሣው ከሞተ በኋላ፣ በ2025 ነው። እንግዲህ ይህን ሰው በአማርኛ እንግለጸው ብንል «ዝናው አገር ያወቀው ነበር፣ ክብሩን ግን ተነፈገ» ነው የምንለው። አሁን «የዝና አዳራሽ ሳይገባ ሞተ» ብለው ይጻፉትና አንባቢው «ዝነኛ አልነበረም እንዴ?» ብሎ ይጠይቅዎታል።

«ዝነኛ» ብለን «ዝነኛ ቀማኛ» ማለት እንችላለን። «ክቡር ቀማኛ» ግን ከቀልድ በቀር አይሆንም። ዝናን ማንም ያወራዋል። ክብርን የሚሰጥ አካል ያስፈልገዋል።

ከእርስዎ ጥያቄ ጋር የሚገጥመውም ይኸው ነው። አዳራሾቹ ውስጥ ዝና የሚባል ነገር ያልዞረባቸው ሰዎች ሞልተዋል። የቶሮንቶው የሆኪ አዳራሽ ተጫዋቾችን ለብቻ፣ ዳኞችን ለብቻ፣ ስፖርቱን ያቆሙትን ሰዎች ለብቻ ይመርጣል። ለእነዚህ ለመጨረሻዎቹ የሰጣቸው ስም በእኛ «ግንበኞች» ቢባል ነው፤ ምንም እንኳ በአማርኛ ግንበኛ ሲባል ሲሚንቶና ድንጋይ ቢታየንም። የቅርጫት ኳሱ አዳራሽ ስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ይገኛል። የተሰየመው በጄምስ ኔይስሚዝ ነው። ኔይስሚዝ በ1891 እዚያው ከተማ የኮክ መልቀሚያ ቅርጫት አሰቅሎ፣ 13 ደንብ ጽፎ ጨዋታውን የፈጠረ መምህር ነው። በ1959 የመጀመሪያዎቹ ሲመረጡ እሱም አለበት። የተመረጠው ግን ቅርጫት ውስጥ ኳስ በመክተት አይደለም።

ኩፐርስታውንም እንዲህ ያሉ ሰዎች አሏት። ልጅዎ የኤፋ ማንሊን ሰሌዳ አይቶት ይሆናል። ጥቁሮች ከትልቁ ሊግ ተገልለው በራሳቸው ሊግ በሚጫወቱበት ዘመን የኒዋርክ ኢግልስን ቡድን ከባለቤቷ ጋር የምታስተዳድር ሴት ነበረች። በ2006 አንድ ልዩ ኮሚቴ ከጥቁሮቹ ሊጎችና ከእነሱ በፊት ከነበረው ዘመን 17 ሰዎችን ሲመርጥ አብራ ተመረጠች። በዚያ አዳራሽ ስሟ የሰፈረ ሴት እሷ ብቻ ናት። ስንቱ የቤዝቦል ተመልካች ያውቃታል? እዚህ ላይ ዝና የሚለው ቃል ምን ያደርግልናል?

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ሳልመልሰው ባልፍ ጓደኛዎ አይለቀኝም። «የክብር» የሚለው ቃል በዛሬ አማርኛ «ሳይማር፣ ሳይሠራበት እንዲሁ የተሰጠው» የሚል ጥላ አለው። የክብር ዶክትሬት አለ። የክብር አባል አለ። የክብር ፕሬዚዳንት አለ። ታዲያ «የክብር አዳራሽ» ሲባል የይስሙላ አዳራሽ አይመስልም ወይ? አይመስልም። ይህ ጥላ የሚያርፈው «የክብር» ከማዕረግ ስም ወይም ከሥራ ስም በፊት ሲመጣ ነው፣ ያውም ሁልጊዜ አይደለም። ሻምበል አበበ ራሱ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። የክብር ዘበኛ ማለት ለስሙ ያህል ዘበኛ የሆነ ማለት እንዳልነበር በ1960 የታኅሣሡን ግርግር ያየ ሁሉ ይነግርዎታል። ቦታ ላይ ሲሆን ደግሞ ምንም ጥርጥር የለም። «የክብር ቦታ ተሰጠው» ስንል ማንም የውሸት ቦታ አይመስለውም።

ደግሞስ የስፖርት አማርኛችን ይህን ምርጫ ከመረጠ ቆይቷል። እንግሊዞች «ሪከርድ» የሚሉት ጽሑፍን፣ መዝገብን ነው። እኛ ግን «ክብረ ወሰን» አልነው። የክብር ጫፍ፣ የክብር ድንበር። ማን እንደፈጠረው አላጣራሁም እንጂ እጁ ይባረክ። አትሌቲክስ ስናወራ ቀኑን ሙሉ «ክብረ ወሰን ሰበረ፣ ክብረ ወሰን አሻሻለ» እያልን የሰባሪውን ስም የሚያኖሩበትን ቤት «የዝና» ብንለው አይገጥምም።

«አዳራሽ» ላይ ጥያቄ አላነሡም፤ ደግ አደረጉ። አንዳንዶች «ቤተ መዘክር» ሊሉት ይፈልጋሉ። ኩፐርስታውን በእርግጥ ሙዚየምም ነው፤ የቤቱ ሙሉ ስም ሁለቱንም ይዟል። ግን ቤተ መዘክር ዕቃ የሚቀመጥበት ነው። አዳራሽ ሰው በየማዕረጉ የሚቀመጥበት ነው፤ በቤተ መንግሥቱ ግብር ማን ከማን ፊት እንደሚቀመጥ ትልቅ ጉዳይ የነበረው እኮ አዳራሽ ውስጥ ነው። ይቆይልን።

አሁን ወደ አበበ። «ገባ» የሚለው ግስ ነው ግራ ያጋባዎት፣ ትክክልም ነዎት። በአማርኛ አዳራሽ የሚገባው በእግሩ የሚሄድ ሰው ነው። እርስዎም እኮ ኩፐርስታውን ገብተዋል! የመግቢያ ዋጋ ከፍለው። ክብሩ ግን ከቤቱ ጋር ያን ያህል አይተሳሰርም። የኩፐርስታውን የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች በ1936 ሲመረጡ የሚገቡበት ቤት አልነበረም፤ ሕንፃው የተከፈተው በ1939 ነው። የሆኪው ደግሞ ይብሳል፦ የመጀመሪያዎቹ በ1945 ተመርጠው ቶሮንቶ ላይ ቤት የተገኘላቸው በ1961 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያለ አዳራሽ የአዳራሽ ሰዎች ነበሩ።

አበበም እንዲሁ ነው። የዓለም አቀፉ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን በ2012 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር የክብር አዳራሽ አቋቋመ። ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጣቸው 24 አትሌቶች ናቸው። መስፈርቱ ከባድ ነበር፤ ቢያንስ ሁለት የኦሎምፒክ ወይም የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ፣ ቢያንስ አንድ የዓለም ክብረ ወሰን፣ ውድድር ካቆሙ ደግሞ 10 ዓመት ያለፋቸው። አበበ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ በጫማ አሸንፏል። ሁለቱንም ጊዜ እስከዚያ ቀን በማራቶን ከተመዘገበው ሁሉ የፈጠነ ሰዓት ነው የሮጠው። ታዲያ ሰውየው ካረፈ 39 ዓመት ሆኖታል፤ «ገባ» ማለት ያሳቅቃል።

ምን እንበል? ለሟች «ስሙ በክብር አዳራሹ ሰፈረ» ይበቃል። የሰፈረው ስሙ ነው፤ ስም አይሞትም። ኩፐርስታውን ከሆነ «ስሙ ተቀረጸ» ማለትም ይቻላል፤ ሰሌዳው ላይ በእርግጥ ይቀረጻልና። ካንተን፣ ኦሃዮ ለአሜሪካ እግር ኳስ ተመራጮች ወርቃማ ኮት ያለብሳሉ። እኛ ብንሆን ካባ ነበር የምንደርበው። እዚያ «ካባ ተደረበለት» ብሎ የሚጽፍ ደፋር ቢመጣ እኔ አልቃወመውም።

በሕይወት ላለ ሰው ግን የምወደው ሌላ ነው፤ «ለክብር አዳራሽ በቃ»። «ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» ብሎ የሚመርቅ ሕዝብ ለዚህ ጉዳይ ሌላ ግስ ፍለጋ መውጣት የለበትም። «በቃ» ውስጥ ጥበቃው አለ፣ ድካሙ አለ፣ መዝኖ የፈቀደ ሌላ ሰውም አለ። «ተካተተ» የሚለውን የቢሮ ቃል እባክዎን ይተዉት። ሰው በክብር አዳራሽ ሲካተት አጀንዳ ይመስላል። ከመመረጡ በፊት ያለው ደረጃ «ታጨ» ነው፤ ይሄ አያከራክርም።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፣ ምላስዎን ያሰረው። መጀመሪያ ፊደሉን ላቅናልዎት። «አስተዋጽዖ» ሳይሆን «አስተዋፅኦ» ነው፤ በፀሐዩ ፀ፣ በአልፉ ኦ። ሥሩ ግእዙ «ወፅአ» ነው፤ አማርኛው «ወጣ»። ልክ «ወጣ» ብለን «አዋጣ»፣ «መዋጮ» እንደምንለው ነው። ስለዚህ «አስተዋፅኦ አበርካች» ማለት በጨዋ ቋንቋ መዋጮ ከፋይ ማለት ነው! ለሪፖርት ይሆናል። ኔይስሚዝን ግን መዋጮ ከፋይ አንለውም።

የእኛ ቃል «ባለውለታ» ነው። ውለታ የዋለ። ጋዜጦቻችን «የስፖርቱ ባለውለታዎች» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ እርስዎም ሳይሰሙት አይቀሩም። ይድነቃቸው ተሰማን የአፍሪካ እግር ኳስ ባለውለታ የሚያሰኘው ኳስ መጫወቱ ብቻ አይደለም። በ1962 የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን ብሔራዊ ቡድናችንን አሠልጥኗል። ከ1972 ጀምሮ እስኪያርፍ እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መርቷል። የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ እንድትገለል ከታገሉት ዋነኛው ነው። ይህን ሁሉ «አስተዋፅኦ አበርክቷል» ብሎ ማለፍ ስስት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። «ባለውለታ» ወዲያም ወዲህም ይሄዳል። «ባለውለታዬ ነው» ስል ውለታ የዋለልኝ እሱ ነው። «የእሱ ባለውለታ ነኝ» ስል ግን ብዙ ጊዜ ውለታው ያለብኝ እኔ ነኝ። ማምለጫው ቀላል ነው፤ ከፊቱ የሰው ስም ሳይሆን የስፖርቱን ወይም የአገሩን ስም ያስገቡ። «የቤዝቦል ባለውለታ» ካሉ ማንም አይሳሳትም።

ለመጽሔትዎ መክፈቻ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ልሞክርልዎት፤ ከወደዱት ይውሰዱት፦ «በዚህ ሰመር ከልጄ ጋር ኩፐርስታውን ሄደን የቤዝቦልን የክብር አዳራሽ ጎበኘን፤ ለክብር ከበቁት ተጫዋቾች ጎን ኳስ መትተው የማያውቁ የስፖርቱ ባለውለታዎችም ስማቸው ሰፍሯል።» ርዕሱ ሥር አንድ ጊዜ ብቻ «ሆል ኦፍ ፌም» ብለው ይጨምሩበት፤ ልጅዎ ሲያነበው የት እንደሄዳችሁ እንዲያውቅ።