ከኩይሳው የወጣው እንጉዳይ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ስር ነው። ሰሞኑን ዝናቡ ሲጠነክር ግቢያችን ጥግ ካለው ኩይሳ ላይ ነጭ እንጉዳይ ብቅ አለ። አያቴ «ይሄ የምስጥ ነው፣ ልጅ ሆነን ጠብሰን እንበላው ነበር» ትላለች። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ እንጉዳይ ተክል ነው፣ ከምስጥ ጋር ምን አገናኘው ይላል። ማን ነው ልክ? እንብላው?

መልስ፦ እህቴ፣ አያትሽ ልክ ናቸው።

እንጉዳይ ተክል አይደለም። በፀሐይ ብርሃን ምግብ አይሠራም። እንዲያውም በዝምድና ከጎመን ይልቅ ለምስጡ ይቀርባል፤ የምስጡ ጠንካራ ቆዳም ሆነ የእንጉዳዩ የሴል ግድግዳ ካይቲን የሚባል ነገር አለበት። የሚለያዩት አበላል ላይ ነው። ምስጥ አኝኮ ይውጣል፣ እንጉዳይ ግን ምግቡን ከሰውነቱ ውጭ አሟሙቶ ይመጠዋል።

ኩይሳው ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ በጣም ይገርማል። እነዚህ ምስጦች ገበሬዎች ናቸው! ደረቅ ሣርና እንጨት አኝከው ይገባሉ፣ በሆዳቸው አሳልፈው ስፖንጅ የመሰለ ቡናማ እርሻ ይሠሩበታል፣ እዚያ ላይ ይሄ እንጉዳይ ይበቅላል። ቀረብ ብለሽ ብታዪው የስፒል ጭንቅላት የሚያካክሉ ነጫጭ እንክብሎች ተበትነውበታል። እንጨቱን ለምስጡ የሚያለሰልስለት እንጉዳዩ ነው፤ ምስጡ ደግሞ እርጥበቱን ይጠብቅለታል፣ ባዕድ ሻጋታ ያርምለታል። ይሄ ሽርክና አፍሪካ ውስጥ ከጀመረ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል። የእንጉዳዩን እግር ቀስ ብለሽ ብትከተዪው እንደ ሥር ቀጥኖ ወደታች፣ እስከ እርሻው ይወርዳል። ዝናብ ሲጥል መብራት ላይ የሚፈላው አሸንም ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው። ጎጆ ሊመሠርት ነው የሚወጣው፤ የአብዛኞቹ ልጆች በኋላ ከዚህ እንጉዳይ የረገፈውን ዘር ለቅመው የራሳቸውን እርሻ ይጀምራሉ።

መብላቱን በተመለከተ፣ እባክሽ ተጠንቀቂ። የምስጥ እንጉዳይ ይበላል፣ ኩይሳ አጠገብ የበቀለ ሁሉ ግን እሱ አይደለም። «ትል ከበላው ሰውም ይበላዋል» የሚባለው ውሸት ነው፤ የአንዳንዱ መርዝ ቢቀቀልም አይጠፋም፣ ሕመሙም ከተበላ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሊጀምር ይችላል። አያትሽ ራሳቸው በእጃቸው ይዘው፣ እግሩን እስከ ታች አይተው «እሱ ነው» ካላሉ አትቅመሱት። ትንሽ እንኳ ከተጠራጠሩ ይቅር። ኩይሳው ከቤቱ እንጨት ራቅ ያለ ከሆነ ግን አታፍርሱት፤ ምስጦቹ እስካሉ ድረስ በሚቀጥለው ክረምትም እዚያው ቦታ ሊወጣ ይችላል።