«ኔጌቲቭ» ብላችሁ ፋይሉን ከመዝጋታችሁ በፊት

ወጣት የሙያ ልጆቼ፣

የሴሊያክ ምርመራ «ኔጌቲቭ» ሆኖ ሲመጣላችሁ አብሮ አጠቃላይ አይጂኤ (IgA፣ ሰውነት ከሚያመርታቸው የፀረ እንግዳ አካል ዓይነቶች አንዱ) መለካቱን እዩ። ካልተለካ በሽታው የለም ለማለት አትቸኩሉ።

ሴሊያክ ያለበት ሰው በስንዴ፣ በገብስና በራይ (ስንዴ መሰል እህል) ውስጥ ያለውን ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሲመገብ የገዛ መከላከያው ተነስቶ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ያጠቃል። በዚሁ መሃል ቲሹ ትራንስግሉታሚኔዝ በተባለ ኢንዛይም ላይ ፀረ እንግዳ አካል ይመረታል፤ የተለመደው የደም ምርመራ የሚፈልገው የዚህን የአይጂኤ ዓይነት ነው። ሰውነቱ አይጂኤ የማያመርት ከሆነ ግን አንጀቱ የቱንም ያህል ቢጎዳ ምርመራው የሚይዘው ነገር አያገኝም። የሚያሳዝነው ደግሞ ሴሊያክ ከሌላው ሰው ይልቅ በእነዚሁ ሰዎች ላይ በብዛት መገኘቱ ነው። ከአውሮፓውያን መካከል የአይጂኤ እጥረት ያለበት ከ600 ሰው አንድ ገደማ ሲሆን፣ ከሴሊያክ ታማሚዎች ግን ከ100 ሁለት ወይም ሦስት ይሆናል። ሁለቱንም የሚያጋልጥ የጋራ የዘር ውርስ አለ።

እጥረት የምንለው ዕድሜው ከ4 ዓመት ያለፈ ሰው አይጂኤው በሊትር ከ0.07 ግራም በታች ሲወርድ፣ ሌሎቹ የፀረ እንግዳ አካል ዓይነቶች፣ አይጂጂውና (IgG) አይጂኤሙ (IgM)፣ ግን ደህና ሲሆኑ ነው። የሕፃናት አይጂኤ ከዕድሜ ጋር ስለሚጨምር ውጤታቸውን ከእኩዮቻቸው ልክ ጋር አስተያዩ። ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ የሴሊያክ ምርመራው ንባብ ከሌሎቹ ኔጌቲቮች እንኳ ወርዶ ዜሮ ሲጠጋ ካያችሁ፣ ሐኪሙ ባያዝም አጠቃላይ አይጂኤ እንዲለካ ሐሳብ አቅርቡ።

እጥረቱ ከተረጋገጠ ወደ አይጂጂ ምርመራ ዙሩ፤ በዲአሚዴትድ ግሊያዲን (የተለወጠ የግሉተን ክፍል) ላይ ወይም በዚያው ኢንዛይም ላይ የሚመረተውን የአይጂጂ ዓይነት የሚፈልግ ይሁን። እሱም ኔጌቲቭ ሆኖ ተቅማጡ፣ የክብደት መቀነሱ ወይም በብረት ክኒን የማይሻል የደም ማነስ ከቀጠለ ታማሚውን ለኢንዶስኮፒ (በካሜራ ቱቦ አንጀትን ለማየት) ላኩት። ከዱዮዴነም (ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ) ሁለተኛ ክፍል ቢያንስ 4፣ ከመጀመሪያው ክፍል ደግሞ 1 ወይም 2 ናሙና ይወሰድ፤ ጉዳቱ እዚህም እዚያም የተበታተነ ስለሚሆን አንድ ናሙና ብቻ ያታልላል። ከዚያ በፊት ግን ምን እየበላ እንደሆነ ጠይቁት። ብዙዎች በራሳቸው ግሉተን አቁመው ይመጣሉ፣ ያኔ ደሙም ናሙናውም ይዋሻል። ቢያንስ 6 ሳምንት፣ በቀን ከአንድ በላይ በሆነ ማዕድ ግሉተን እየበላ መቆየት አለበት።

የናሙናው መልስ «ቪላዩ (የአንጀቱ ግድግዳ ጥቃቅን ጣት መሰል እጥፋቶች) ጠፍጣፋ ሆኗል» ቢልም እንኳ ወዲያው ሴሊያክ ነው አትበሉ። አይጂኤ ያነሰው ሰው ጃርዲያ በተባለ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ በቀላሉ ይጠቃል፣ ጃርዲያም ቪላይን ሊጎዳ ይችላልና ሰገራው ይመርመር። አይጂጂውም አብሮ የወረደ ከሆነ ነገሩ ሰፋ ያለ የፀረ እንግዳ አካል እጥረት ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ጊዜ የአይጂጂ ምርመራውም አይታመንም። ናሙናውን የሚመረምረውን ፓቶሎጂስት በናሙናው ውስጥ ፕላዝማ ሴል (ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርት ሴል) ስለመኖሩ ጠይቁት፤ ከጠፉ ይህን ሰፊ እጥረት ያጠናክራል። ከሴሊያክ ጋር የተያያዙት የዘር ምልክቶች ኤችኤልኤ ዲኪው 2 እና 8 (HLA-DQ2፣ DQ8) ሁለቱም ከሌሉ ሴሊያክ የመሆን ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው፤ መኖራቸው ግን ብዙ ጤነኛ ሰው ስለሚይዛቸው ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ግሉተን ካቆመ በኋላ የአይጂጂው ፀረ እንግዳ አካል በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ አንጀቱ ድኖም ከፍ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ቁጥር ብቻ ታማሚውን «ተደብቀህ ትበላለህ» ብላችሁ አትውቀሱት። አመጋገቡን ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ፈትሹ፤ ምልክቶቹ ካልጠፉ ናሙናው ይደገም። የአይጂኤ እጥረቱንም በካርዱ ላይ በጉልህ ጻፉት፤ ቀጣዩ ሐኪም ያንኑ የአይጂኤ ምርመራ አዝዞ «ነፃ ነህ» እንዳይለው።