ኮክስን ጥለሽ ወደ ዋይቡል ከመሄድሽ በፊት

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ጠያቂዋ ማስተርሷን ለመጨረስ ጥቂት የቀራት የጤና ባለሙያ ናት። በምሥራቅ ጎጃም ጤና ጣቢያዎች የቲቢ መድኃኒት የጀመሩ ሰዎችን ከመዝገብ ሰብስባለች። ኤች አይ ቪ ያለባቸውና የሌለባቸው በሞት እንዴት እንደሚለያዩ ለማየት የኮክስ ሞዴል የሚባለውን፣ የሁለት ቡድኖችን የሞት አደጋ የሚያወዳድር ስሌት ተጠቅማለች። የሞዴሉ መነሻ ሐሳብ መያዙን የሚፈትሸውን የሾንፌልድ ቴስት ስታሠራ ግን ለኤች አይ ቪ ፒ ቫልዩው ከ0.05 በታች ወረደባት፤ ሐሳቡ አልያዘም የሚል ምልክት ነው። አማካሪዋ «ዋይቡል አድርጊው፣ ኤ አይ ሲውም ያንሳል» አሏት። ዋይቡል ለዚሁ ሥራ የሚያገለግል ሌላ ሞዴል ነው፤ ኤ አይ ሲ ደግሞ ሞዴሎች የሚወዳደሩበት፣ ሲያንስ የሚመረጥ ቁጥር ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ «አንዳንድ ታካሚዎች ቀናቸው ባዶ ሆኖ ስለመጣ አውጥቻቸዋለሁ» የሚል ነገር ጣል አድርጋለች።

እህቴ፣ እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ግን ዲፌንሱ ደርሷል ስላልሽ ከዋይቡሉ ልጀምር።

ዋይቡል አያድንሽም። ኮክስ የአንዱ ቡድን የሞት አደጋ ከሌላው ስንት እጥፍ እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው አይለወጥም ብሎ ይነሳል። ቴስቱ «ኧረ ይለወጣል» አለሽ። በተለምዶ የምንሠራበት ዋይቡልም የሚነሳው ከዚያው ሐሳብ ነው። ኤክስፖኔንሻሉም ጎምፐርዙም እንዲሁ። እነሱ የሚለዩት የመነሻው አደጋ በጊዜ ውስጥ ምን ቅርጽ እንዳለው ቀድመው በመወሰናቸው ነው። እጥፉ ግን ያው አንድ ቁጥር ነው። ሎግ ሎጂስቲክና ሎግ ኖርማል ይለያሉ፤ እነሱ ግን ያንን እጥፍ፣ ማለትም ሀዛርድ ሬሾ፣ አይሰጡሽም።

ኤ አይ ሲውንም እርሺው። ቁጥሩ የሚሰላው ሞዴሉ ከመረጃው ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ ከሚለካው ከላይክሊሁድ ነው። ኮክስ የሚሠራው በከፊል ላይክሊሁድ ነው፣ ዋይቡል በሙሉው። ሁለቱን ማወዳደር ኪሎን ከሜትር እንደማወዳደር ነው። ታትመው በወጡ ጽሑፎች ሳይቀር ስለሚታይ በአማካሪሽ አልፈርድም። በአክብሮት ንገሪያቸው፣ ይገባቸዋል።

እንደ እኔ ከሆነ ቴስቱ የነገረሽ ነገር የቴሲስሽ ዋና ውጤት ሊሆን ይችላል። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የቲቢ ሕክምና የሚጀምረው አቅሙ ከተዳከመ በኋላ ነው። ሞቱም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበዛል። ያንን ያለፈ ሰው የኤች አይ ቪ መድኃኒቱም (ኤ አር ቲ) እየያዘለት ሲሄድ ልዩነቱ ይጠባል። እንግዲህ ጊዜውን ክፈይው። የስድስት ወሩ ሕክምና ራሱ መክፈያውን ይሰጥሻል፦ መጀመሪያ ሁለት ወር፣ ቀጥሎ አራት ወር። ስታታ በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ኤስቲስፕሊት በሚለው ትእዛዝ 60ኛው ቀን ላይ ቁረጪና ኤች አይ ቪን ከጊዜ ክፍሉ ጋር አባዢው። ሁለት ሀዛርድ ሬሾ ይወጣልሻል፣ ለመጀመሪያው ሁለት ወር አንድ፣ ለቀሪው አንድ። መቁረጫውን ግን ፒ ቫልዩ እያየሽ አታንቀሳቅሺው።

አሁን ወደ ባዶዎቹ ቀኖች። መዝገቡ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ፈረንጅ ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለሽ ስታስገቢ ሁለተኛ ወራቸው ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ባዶ ያደርገዋል። 13ኛ ወር የሚባል ነገርም አያውቅም። ስለዚህ በጳጉሜ የሞተ ሰው ሁሉ ከጥናትሽ ወጥቷል ማለት ነው። ባዶ ያልሆኑትም ቢሆኑ ደህና አይደሉም። ነሐሴ 30 መድኃኒት ጀምሮ መስከረም 1 የሞተ ሰው 6 ቀን ኖሯል፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ከሆነ 7። ኮምፒውተሩ ግን ዲሴምበር 30 እና ጃንዋሪ 1 ብሎ ስለሚያነባቸው 2 ቀን ይልሻል። ሞቱ መጀመሪያ ላይ በሚበዛበት ጥናት ይሄ ቀላል ስህተት አይደለም።

ወደ ፈረንጅ መቀየር ግድ አይደለም። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች አስገቢ፣ ዓመቱን በአራት አኃዝ። ከዚያ እንዲህ አስዪ፦ ዓመቱ ሲባዛ በ365፣ ሲደመር ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ የሚወጣው ሙሉ ቁጥር፣ ሲደመር ከወሩ አንድ ተቀንሶ በ30 ሲባዛ፣ ሲደመር ቀኑ። የሞቱ ቁጥር ላይ የጀመረበትን ቁጥር ስትቀንሺ ትክክለኛው የቀን ብዛት ይወጣል። ጳጉሜ 6ም ሳይቀር ታስቦበታል። ያወጣሻቸውን ሰዎች መልሺና ሞዴሉን እንደገና አሠሪው። ምናልባት ቴስቱ ራሱ ሌላ ነገር ይልሻል።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር አለ። «ጠፋ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው ቀኑ ስንት ነው? ታካሚ ጠፋ የሚባለው ለሁለት ተከታታይ ወር ሕክምና ሲያቋርጥ ነው። «ጠፋ» ተብሎ የተመዘገበበትን ቀን ከወሰድሽ ማንም ያላየውን ሁለት ወር በሕይወት ነበር ብለሽ ትቆጥሪለታለሽ። ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ቀን ወስደሽ እዚያ ላይ ሴንሰር አድርጊው፣ ማለትም ክትትሉን እዚያ ዝጊው። የተዛወረውም እንዲሁ። ሕክምናውን የጨረሰው በጨረሰበት ቀን።

ጠፊዎቹ ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። አንዱ ሻል ብሎት ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። ሌላው ብሶበት ጸበል ገብቷል፣ ወይም እቤቱ ሞቶ ማንም አላስመዘገበውም። ኮክስ ግን ሴንሰር የሆነው ሰው ክትትል ላይ እንደቀሩት አቻዎቹ ነው ብሎ ያስባል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ሞክሪው፦ አንዴ ጠፊዎቹ ሁሉ በጠፉበት ቀን ሞቱ ብለሽ፣ አንዴ ሁሉም እስከ ስድስት ወር ኖሩ ብለሽ። የኤች አይ ቪው ውጤት በሁለቱም ከጸና በሰላም ጻፊው። ከተገለበጠ ግን ሁለቱንም ሠንጠረዥ አቅርቢ፣ ፈታኝሽ ሳይጠይቅሽ።

ከሁለት ወር በኋላ የሞቱት ጥቂት ከሆኑ ለሁለተኛው ክፍል የሚወጣው ኮንፊደንስ ኢንተርቫል፣ ማለትም ከመረጃው ጋር የሚስማሙት ቁጥሮች ክልል፣ ሰፊ ይሆናል። ይሁን። አንድን (እኩል አደጋ ማለት ነው) ያቀፈ ኢንተርቫል ግን «ከሁለት ወር በኋላ ልዩነት የለም» አያሰኝም። «ለመወሰን የሚበቃ ሞት አላገኘሁም» ብለሽ ጻፊ።