ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎችን እንግሊዝኛ ለምታስተምሩ ልጆች

አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናትና ከዳካር፣ ከያውንዴ፣ ከአቢጃን የሚመጣ ሰው አይጠፋባትም። ብዙው ፈረንሳይኛውን ይዞ ይመጣና እንግሊዝኛ የሚያስተምረው ሰው ያፈላልጋል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚህ ሥራ ነው። እናንተ ገና ጀማሪዎች ስለሆናችሁ፣ ስለ ጠብ አነጋገሮች ጥቂት ልበላችሁ። ለምን ጠብ? ሰው ሰላም ሲሆን የቋንቋ ግድፈት ይታለፋል፤ ሲኮራረፍ ግን እያንዳንዷ ቃል ትመነዘራለች።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገጥሙበት ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፉ። እንግሊዙ ሲታረቅ «በሪ ዘ ሃቼት» ይላል፤ ፈረንሳዩም የጦር መጥረቢያውን ይቀብራል። ትንሿን ነገር ሲያካብዱ አንዱ በሻይ ስኒ፣ ሌላው በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ማዕበል ያስነሳል። ድመትና ውሻም በሁለቱም ቤት አይስማሙም። ተማሪው ራሱ ስቆ ይይዛቸዋል።

ጣጣው ዘይቱ ላይ ነው። ፈረንሳዩ ነገር የሚያባብስን ሰው «እሳት ላይ ዘይት ጨመረ» ይለዋል፣ እኛ ቤንዚን አርከፈከፈ እንደምንለው። እንግሊዙ ግን «ፖር ኦይል ኦን ትራብልድ ዋተርስ» ሲል በተናወጠ ውሃ ላይ ዘይት አፍስሶ ጠቡን አበረደ ማለቱ ነው። ነገሩ ተረት እንዳይመስላችሁ፤ መርከበኞች ማዕበል ለማስታገስ ዘይት ያፈሱ ነበር፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊንም ለንደን ውስጥ ክላፋም ኩሬ ላይ ሞክሮት እ.ኤ.አ. በ1774 ጽሑፍ አውጥቶበታል። ዘይት የሚለውን ብቻ ሰምቶ የቀረው ያመለጠው ተማሪ ታዲያ ሽማግሌውን ነገር አጫሪ አድርጎት ቁጭ ይላል። ሰሌዳው ላይ በአንድ ወገን እሳት፣ በሌላው ባሕር ሣሉለት። ስዕል የማትችሉም ብትሆኑ ሣሉ፣ መሳቁ ይጠቅማል።

ሌላው «አርጊዩመንት» ነው። በፈረንሳይኛ «አርጉማን» የሚባለው ማስረጃ ያለው የመከራከሪያ ነጥብ ነው። እንግሊዝኛው ግን «ዊ ሃድ አን አርጊዩመንት» ካለ ተጨቃጨቅን ማለት ነው። አንዷ ተማሪዬ፣ ጭምት ሴት ናት፣ ለአለቃዋ በኢሜይል ከዳይሬክተሩ ጋር ብዙ «አርጊዩመንትስ» ነበሩን ብላ ላከች። በቂ ምክንያት አቅርበናል ማለቷ ነበር። አለቃዋ ወዲያው ደውሎ «ምን አጣላችሁ?» አላት።

ስለዚህ ፈሊጡን ሲሰሙ እንዲገባቸው አስተምሩ እንጂ እንዲናገሩት አትጎትጉቱ። ሰው እየተቆጣ በባዕድ ፈሊጥ ሲራቀቅ ያስቃል፣ ቁጣውንም ያረክስበታል። «አይ ዶንት አግሪ» ይበቃዋል። ደብዳቤ ላይ ደግሞ «አርጊዩመንት» ሊል ሲል «ሪዝን» ብሎ ይጻፍ፤ ስልክ አይደወልለትም።