አንዷን ሴት ሁለት ጊዜ መጠየቅ ሥራ ነው ወይ?

ሰላም እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አዋላጅ ነርስ ነሽ፤ ከተመረቅሽ ዓመት ሊሞላሽ ነው። አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ስትመላለሺ ከርመሽ አሁን ጥቁር አንበሳ አካባቢ የሦስት ወር የዳታ ሰብሳቢነት ሥራ አገኘሽ። ሽንት የሚያመልጣቸውን ሴቶች መጠይቅ ታስሞያለሽ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያችኑ ሴት ያንኑ ጥያቄ መልሰሽ ትጠይቂያለሽ። «ይህን ሁሉ ተምሬ አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ልጠይቅ?» ነው ያልሽኝ።

ግቢበት። ቋሚ ሥራ ማመልከትሽንም አታቁሚ።

ደም ግፊት መለኪያ አለው። ሽንት ማምለጥ የአንዲትን ሴት ኑሮ ምን ያህል እንዳወከ የሚለካ ማሽን ግን የለም፤ መለኪያው መጠይቁ ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት አይሲአይኪው የተባለው አጭር ቅጽ አራት ጥያቄ አለው። ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል፣ ኑሮሽን ከ0 እስከ 10 ምን ያህል ያውካል? የሦስቱ ድምር ከ0 እስከ 21 ይሆናል። አራተኛው መቼ እንደሚያመልጣት ይጠይቃል፣ ነጥብ የለውም። እንግዲህ ሕመሟ ሳይለወጥ ዛሬ 8፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ 15 ካወጣች፣ ሕክምናው መሥራት አለመሥራቱን በምን እናውቃለን?

እኔም ድሮ መጠይቅ ይዤ ዞሬያለሁ። አንዲት እናት «ሽንት ያመልጥዎታል?» ስላቸው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ኧረ በፍጹም!» አሉኝ። «ሲያስሉ ወይም ሲያስነጥሱስ ጠብ ይላል?» አልኳቸው። «እሱማ የወለደች ሁሉ ያለባት ነው!» ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጡኝ ስላቸው ደግሞ ዋጋ የምንከራከር ይመስል «በቃ አምስት ይሁንልሽ» ብለው ገላገሉኝ። ያ አምስት በሁለተኛው ቀን ሰባት ቢሆን ይገርምሻል? ኮምፒውተሩ ጋ የሚደርሰው ቁጥሩ ብቻ ነው። «ይሁንልሽ» የምትለዋን የምትሰሚው አንቺ ነሽ። በማስታወሻሽ ያዢያት፤ የጥያቄውን አማርኛ የሚያስተካክሉት ሰዎች የሚፈልጉት እሷን ነው።

ሁለት ሳምንቱም ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ቶሎ ከሆነ የመለሰችውን ታስታውሳለች፤ ከቆየ ሕመሙ ራሱ ይለወጣል። በመሃል መድኃኒት ወይም የዳሌ ጡንቻ ስፖርት ጀምራ እንደሆነ ጠይቂያት። ጀምራ ተሽሏት ከሆነ የመልሷ መለወጥ የመጠይቁ ጥፋት አይደለም።

ከመፈረምሽ በፊት አንድ ነገር ለምኚ፦ ዳታው ሲተነተን አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ እንድታዪ። ቃለ መጠይቅ ላይ ስንቱን ሲያደናግር ያየሁት ነገር እዚያ ይገባሻል። ክሮንባክ አልፋ የሚባለው ቁጥር፣ ክሮንባክ በ1951 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ የታወቀው፣ የሚሰላው ከአንድ ቀን መልስ ነው። ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መግባባታቸውን ይነግርሻል፤ እንደ ልማዱ ከ0.7 በላይ ሲሆን ይወደዳል። ሴትየዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ትመልስ እንደሆነ ግን አያውቅም። ለእሱ የሁለቱን ቀን መልስ የሚያስተያየው አይሲሲ የሚባል ቁጥር አለ፤ ብዙዎች ከ0.75 በላይ ሲሆን ጥሩ ነው ይሉታል። «አልፋው 0.85 ስለሆነ ውጤቱ አይለዋወጥም» የሚል አመልካች ከገጠመኝ ሁለቱን እንዳምታታ ስለሚገባኝ ሌላ ጥያቄ አላበዛበትም።

ሲቪሽ ላይ «ዳታ ሰብሳቢ» ብለሽ አትለፊው። ስንት ሴት እንዳነጋገርሽና ከእነሱ ስንቷ ለሁለተኛው ቀን እንደተመለሰች ጻፊ። ሁለት ታክሲ ይዛ የመጣች ሴት ስለማታወራው ነገር ልታወራ ተመልሳ ከመጣች፣ አንቺ በደንብ ስላስተናገድሻት ነው። ሱፐርቫይዘር የሚፈልግ ሰው ይሄን ያነባል።

አበሉ ለሁለተኛው ቀንም እንደሚከፈል፣ የሴቶቹንም ትራንስፖርት ማን እንደሚችል፣ በጽሑፍ አስይዢ። በቃል የተባለ አበል ስጠብቅ የከረምኩበት ጊዜ ስላለ ነው።