መልስ፦ ከዊንዶውስ 11 ወደ 10 ስለመመለስ

«ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 ከሆነ ወዲህ ተንቀራፈፈ፤ ፋይሌ ሳይጠፋ ወደ 10 ልመልሰው?» ላልከው የጅማው ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቀኑን ቁጠር። ከ10 ወደ 11 ካሳደግከው 10 ቀን ካልሞላ ፎርማት አያስፈልግህም። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ከዚያ ሪከቨሪ ውስጥ ገብተህ «ጎ ባክ» የሚለውን ተጫን። ሰነዶችህ ይቆያሉ፤ ከ11 በኋላ የጫንካቸው ፕሮግራሞች ግን ይጠፋሉ። ይህ የሚሠራው ሲ ድራይቭ ላይ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚባለው ፎልደር ካለ ብቻ ስለሆነ ቦታ ለማስለቀቅ ብለህ እንዳታጠፋው።

ቀኑ ካለፈ ያለህ መንገድ እንደ አዲስ መጫን ነው። ሰነድህን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጥ፤ የተገለበጠውንም ከፍተህ አረጋግጥ። የማይክሮሶፍትን ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል አውርደህ ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽ አዘጋጅ፤ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ብዙ ሰው የሚደናገጠው ቀጥሎ ነው፦ ከ11ኛ ትውልድ ወዲህ ባሉ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ መጫኛው ብዙ ጊዜ ዲስኩን አያየውም። ዲስኩ ተበላሽቶ አይደለም፤ መጫኛው የቪኤምዲ ድራይቨር (የኢንቴልን የዲስክ መቆጣጠሪያ ለዊንዶውስ የሚያስተዋውቅ ፕሮግራም) ስለሌለው ነው። ያንንና የዋይፋዩን ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ቀድመህ አውርድ። ቢትሎከር (ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) ከበራ የማስከፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፍ።

ባትሪው ሳይሞላ አትጀምር፤ የክረምቱ ነጎድጓድ መብራት ቢወስድብህ ጭነቱ መሃል ላይ ይቋረጣል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፦ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ስለዚህ ራምህ 4 ጊጋባይት ከሆነ፣ ወደ 10 ከመመለስህ በፊት ራሙን ወደ 8 ማሳደጉን ሞክር።